ሙጫው ነው ወይስ እጄ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሊድስ ነው። ስኑከር የሚባለውን የቢሊያርድ ዓይነት መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የራሴን ኪው (የኳስ መምቻ እንጨት) የገዛሁት ግን ባለፈው መስከረም ነው። ከአንድ ሽማግሌ እጅ የገዛሁት አሮጌ የአሽ እንጨት ነው፤ እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው። ችግሬ ቲፑ፣ ጫፉ ላይ የሚለጠፈው ቆዳ ነው። በአምስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። የመጀመሪያውን ከርካሽ ሱቅ በገዛሁት ሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፤ አራት ቀን ቆየና ጥቁሯን ኳስ ላስገባ ስል ተፈናጥሮ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሁለተኛውን እንዳይወድቅ ብዬ ሙጫውን አበዛሁለት፤ አልወደቀም፣ ግን እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ቾክ አልይዝ አለ፣ ነጯን ኳስ በነካ ቁጥር ይንሸራተታል። ቆርጬ ጣልኩት። ሦስተኛውን ጓደኛዬ በሰጠኝ የጫማ ማጣበቂያ ሞከርኩ፤ በሳምንቱ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተጣመመ። እባክዎ ትክክለኛው ሙጫ የቱ ነው? ወይስ ጥፋቱ የእጄ ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም አለበት ልጄ፤ የእጅህ ግን ይበዛል። ሙጫውን አስቀድሜ ልንገርህና ወደ እጅህ እንመጣለን። እኔ ለስኑከር ኪው የምጠቀመው ሱፐር ግሉ ነው፤ ግን እንደ ውሃ የሚንጠባጠበውን አይደለም። ጄል የሚባለውን፣ ቱቦውን ስትጫነው እንደ ወፍራም ማር እየተጎተተ የሚወጣውን ነው። የሎክታይት ይሁን የሌላ ስሙ ግድ አይሰጠኝም። አዲስ መሆኑ ግን ግድ ይለኛል። ከተከፈተ ወራት ያለፈው፣ አፉ ላይ ቅርፊት የሠራ፣ ስትጫነው የሚጎረብጥ ከሆነ ለሌላ ነገር አውለው።

አሁን ወደ አንተ። ተፈናጥሮ የወደቀውን የመጀመሪያውን ቲፕ ምን አደረግኸው? መቼም ጥለኸዋል። ሁሉም ሰው ይጥለዋል።

አባቴ መርካቶ ጫማ ሰፊ ነበር። ሶሉ የተገነጠለበት ደንበኛ ሲመጣ ጫማውን አይቀበልም፤ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ለሶሉ ነው። ገልብጦ ወደ በሩ ብርሃን ያዞረዋል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። የድሮው ማስቲሽ የቀረው ሶሉ ላይ ነው፣ ጫማው ላይ ነው፣ ወይስ ሁለቱም ላይ? እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ ምስማር ሳቀብል ይኼ ሁሉ ደንበኛ ማስጠበቂያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንግሊዝ አገር፣ ከአንድ ስኑከር ክለብ ጀርባ ባለች ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ውስጥ ቲፕ ስቀይር የማደርገው ያንኑ ነው። ኪውን ተቀብዬ አላይም። «የወደቀውን ይዘኸዋል?» እላለሁ። ከአሥሩ አንዱ ነው ይዞት የሚመጣው።

ቢኖርህ ኖሮ እንዲህ ታነበው ነበር። ሙጫው በሙሉ ቲፑ ሥር ቀርቶ በኪውህ ጫፍ ያለው የናስ ቀለበት ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ሙጫው ናሱን መቼም አልያዘውም። ወይ ናሱ ልሙጥ ነበር፣ ወይ ካጸዳኸው በኋላ በጣትህ ዳብሰኸዋል። የጣት ወዝ ለዓይን አይታይም፤ ሱፐር ግሉ ግን ያየዋል። ያንተም የመጀመሪያው እንዲህ ይመስለኛል፤ «ተፈናጥሮ» ብለህ ጽፈህልኛልና። ይህ ሙጫ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ከልሙጥ ነገር ሲለቅ እየላላ አይለቅም፣ በአንድ ምት ጧ ብሎ ነው።

ናሱ ላይ ሙጫው ቀርቶ በላዩ የቆዳ ጭገር ተጣብቆበት ካየህ ደግሞ ሙጫህን አትውቀሰው፤ ሥራውን ሠርቷል። የተቀደደው ቆዳው ነው። ያን ጊዜ የሚቀየረው ቲፑ ነው፤ ከዚያው ፓኬት የወጣውን ወንድሙንም ቢሆን እኔ አላምነውም። ሙጫው በሁለቱም ላይ ተከፋፍሎ ቀርቶ መሐሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ወይ አብዝተኸዋል፣ ወይ ሳይጠነክር ነካክተኸዋል።

(ስኑከር የማትጫወቱ አንባቢዎች እየታገሣችሁን ነው። ቲፕ የምንለው ከኪው ጫፍ ላይ የሚለጠፍ ክብ ቆዳ ነው። ለስኑከር ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል። ነጯ ኳስ ወደፊት ሄዳ ወደ ኋላ የምትመለሰው፣ ወደ ጎን የምትታጠፈው በዚህች ቆዳ ጉልበት ነው። ቆዳውን ያመጣው ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ከአንድ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ጋር ውሎ ሲያድር ነው የደረሰበት ይባላል። ከእሱ በፊት በባዶ እንጨት ነበር የሚመቱት።)

ወደ ሁለተኛው ቲፕህ ልመለስ። እሱ የወደቀ ሳይሆን የሞተ ነው። ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ቆዳ ሲያገኝ እንደ ውሃ በጨርቅ ውስጥ ይሰርጋል። አንተ «ይጠንክርለት» ብለህ ስታበዛ ከሥሩ ገብቶ እስከ አናቱ ወጣ፤ ቆዳውም ፕላስቲክ ሆነ። ቲፕ ቾክ የሚይዘው ሻካራና ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ኳሷን ሲነካ ትንሽ ይጨመቃል፣ ይይዛታል፣ ይለቃታል። በድምፁም ይታወቃል። ጤነኛው «ዱም» ይላል፣ ሙጫ የጠጣው «ቀጭ» ይላል። በተለይ እንደ ኤልክ ማስተር ያለ ለስላሳ ቲፕ ከሆነ ቶሎ ይጠጣል። ጄሉን የምመርጠው ለዚህ ነው እንጂ ጥንካሬው ከቀጭኑ በልጦ አይደለም፤ ካስቀመጥከው ቦታ አይሄድም።

ስለ ሦስተኛው ስጽፍልህ ትንሽ አፍራለሁ። እኔም ሠርቼዋለሁና። እዚህ ክለብ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቲፑ ወድቆበት ሲያማርር ሰማሁ። እኔ የጫማ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ ቆዳ መለጠፍ ሊያቅተኝ ነው? ከቤቴ የጫማ ማጣበቂያ ይዤ መጣሁ፣ ወፈር አድርጌ ቀባሁ፣ ወዲያው ለጠፍኩ፣ «በሉ ይጫወቱ» አልኳቸው። በማግስቱ ማታ ውድድር ነበራቸው። ሦስተኛው ፍሬም (ጨዋታ) ላይ ኪውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቲፑ ከናሱ ላይ ወደ ግራ ተንሸራቶ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ናስ ተገልጦ ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን ተንሸራተተ? የማስቲሽ ዘር የሆነ ማጣበቂያ ሁሉ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ይለመጣል። ለጫማ ይህ ጸጋ ነው፤ ጫማ በየእርምጃው ይታጠፋልና። ኪው ግን አይታጠፍም። ኳሷን ከመሐሏ ወጣ አድርገህ ስትመታ ቲፑ ወደ ጎን ይገፋል፣ በአንድ ማታም ይህ መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ ወፍራም ጎማ በትንሽ በትንሹ ይሄድልሃል። ነገር ግን ልክ እንሁን፦ እዚህ አገር ኢቮ-ስቲክን በመሰለ የጫማ ዓይነት ማጣበቂያ ዕድሜ ልካቸውን ቲፕ የለጠፉ ሰዎች አሉ፣ ቲፓቸውም አይወድቅም። እኔም አንተም የተሳሳትነው አቀባቡን ነው። በሁለቱም ፊት ላይ እንደ ጥላ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ በትክክል ገጥሞ በኃይል መጫን፣ ማሳደር። መልካም ጎኑ በኋላ ሲነቀል ናሱን አያስቸግርም። ለችኩል ሰው ግን አልመክረውም፤ አንተ ደግሞ በአምስት ሳምንት ሦስት ጊዜ የቀየርክ ሰው ነህ።

ነጩን የእንጨት ኮላ ተወው፤ ናስ አይዝም። ሁለት ቱቦ እየተቀላቀለ የሚሠራው ኢፖክሲ ጎበዝ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ይወፍራል፤ እኔ የማወጣው የናሱ አፍ ተበልቶ ጎድጓዳ ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን ኪውህን አምጣ። አሮጌ የአሽ ኪው ከሆነ ናሱ አናቱ የተደፈነ ቆብ ሳይሆን ቀለበት ሳይሆን አይቀርም፤ መሐሉ ላይ የእንጨቱ ጫፍ ይታያል። እሱ ነው ትልቁ ሌባ። የእንጨት ጫፍ ማለት የተቆረጠ የገለባ ነዶ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ወደ ላይ አፉን ከፍቶ ሙጫ ይጠብቃል። የምታደርግለትን ሙጫ ጠጥቶ ለቲፑ ምንም አያስቀርለትም። ስለዚህ ያንን የናቅነውን ቀጭን ሱፐር ግሉ አትጣለው፤ አንድ ጠብታ በእንጨቱ ላይ አድርግና ጠጥቶ እንዲደርቅ ግማሽ ሰዓት ተወው። መጀመሪያ ግን የድሮውን ሙጫ በምላጭ ፍቀህ ጨርስ። እንጨቱ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው ማስተካከል የሚጀመረው።

ሞረድ በእጅህ ይዘህ አትሞርደው። እጅ ሳያውቀው ይወዛወዛል፣ የናሱ ጠርዝ ይድቦለቦላል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ሙጫ አይረዳህም። ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፍ፣ ኪውን ቀጥ አድርገህ አቁምበት፣ በጣቶችህ መሐል ቀስ እያልክ አሽከርክረው። ትንሽ ብቻ፤ ብርሃኑ ጠፍቶ ወጥ የሆነ ጭረት ሲታይ ይበቃል። ናሱ በየጊዜው በተፋቀ ቁጥር ያጥራል፣ እንደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። የቲፑንም ሥር እንደዚሁ አድርግ፤ አንዳንዱ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፣ አንዳንዱ ልሙጥ ነው። ከዚያ ሙጫ ሳታደርግ ቲፑን ናሱ ላይ አስቀምጥና ወደ መስኮት አቅንተህ እይ። ብርሃን ከሾለከ አልጨረስክም። ብርሃን የሾለከበትን ክፍተት በሙጫ እሞላለሁ ያለ ሰው በሳምንቱ ወደ እኔ ይመጣል።

አቧራውን ጥረግ፣ ናሱን አልኮል ወይም አሴቶን በነካ ጨርቅ አንዴ አብስ። አሴቶኑ የእንጨቱን ቀለም እንዳይነካ፣ ቫርኒሱን ያበላሸዋል። ከዚህ በኋላ በጣት መንካት የለም። ጄሉ የምስር ክክ ታህል፣ አትበልጥም። በጥርስ መፋቂያ ስንጥር እስከ ጠርዝ አዳርሰው፣ ቲፑን መሐል አድርገህ አስቀምጥ፣ ኪውን ገልብጠህ ጣውላ ላይ አቁምና በክንድህ ክብደት ቀጥ አድርገህ ተጫነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ማሽከርከር፣ ማስተካከል፣ «ትንሽ ወደዚህ» ማለት ክልክል ነው። ቱቦው ላይ «በሰከንዶች ይይዛል» የሚለውን አንብበኸው ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይይዛል። እኔ ግን አሳድረዋለሁ።

የተረፈ ሙጫ ቢወጣ በጥጥ አትጥረገው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲያገኝ ይግላል፣ ሊያጨስና ጣት ሊያቃጥል ይችላል፤ የጥጥ ሱሪም ያው ጥጥ ነው። ይደርቅና በኋላ ትፍቀዋለህ። ጣትህ ከጣትህ ቢጣበቅ አትገንጥለው፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈህ ቀስ እያልክ አላቅቅ። ነገሩን ያገኙት በ1942 በኮዳክ ኩባንያ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ አስቸገራቸውና ተዉት፣ ገበያ የወጣው በ1958 ነው። የነካውን ሁሉ ይይዛል የተባለለት ነገር ያንተን ቲፕ አልይዝ ያለበትን ምክንያት አሁን ታውቀዋለህ።

በማግስቱ ከናሱ የተረፈውን የቲፑን ጠርዝ ቁረጥ። ኪውን ገልብጥ፣ ቲፑን በደረቅ ጣውላ ላይ አስደግፍ፣ በአዲስ ምላጭ ከናሱ ወደ ጣውላው እየወረድክ፣ ጣትህን አርቀህ። ናሱን በፕላስተር ጠቅልለህ ጎኑን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ አናቱን እንደ ጉልላት ክብ አድርገው። ሲወድቅ ግን (መቼም አንድ ቀን ይወድቃል) እንዳትጥለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰንብተዋል። እኔ አዲስ አበባ ሁለት ጠረጴዛ ያለው ፑል ቤት አለኝ። እንጨቶቹ ወፍራም ናቸው፣ ጫፋቸው ፕላስቲክ ነው፣ ቲፓቸውም 13 ሚሊ ሜትር ነው። ልጆቹ እየወገሩ በየሳምንቱ ይጥሉታል። በማስቲሽ ነው የማስለጥፈው። ሱፐር ግሉ ስሞክር በተለይ ጥርና የካቲት ላይ አልደርቅ ይለኛል፤ ነጋዴው ውሃ ቀላቅሎበት ይሆን?

መልስ፦ ነጋዴውን አትጠርጥረው ወንድሜ፤ ውሃ ቢነካውማ ወዲያው ደርቆ ይቀር ነበር። ሱፐር ግሉ እንደ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት ስለሚያገኝ ነው። በጥርና በየካቲት የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ ወፍራም ካደረግኸው ደግሞ መሐሉ ጨርሶ ላይጠነክር ይችላል። የተፋቀውን የእንጨቱን ጫፍ ወደ አፍህ አስጠግተህ መስታወት እንደምታጸዳ «ሃ» ብለህ ተንፍስበት፣ ሙጫውን ቲፑ ላይ በስሱ አድርግ፣ ግጠም። ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

ማስቲሹንም አልከለክልህም። ከስኑከሩ ይልቅ ያንተ ይሻለዋል፣ 13 ሚሊ ሜትር ሰፊ ነው፣ የሚይዝበት ቦታ አለው። ግን እንደ ጫማ ሰፊ ሥራው፤ ሁለቱን ፊት ቀብተህ ጠብቅ፣ ገጥመህ ጫን፣ አሳድር። ማታ ስትዘጋ የለጠፍከውን ጠዋት ስትከፍት ነው ለልጆቹ የምትሰጠው። ሌላው ነገር፣ በርና መስኮት ከፍተህ ሥራ፤ ሽታው ለሳንባም ለጭንቅላትም መርዝ ነው። ቆርቆሮውንም ጠረጴዛ ሥር አትተወው፣ ቆልፈህ አስቀምጠው። ደጅህ የሚውሉት ልጆች ማስቲሽ ለምን እንደሚፈልጉት አንተም እኔም እናውቃለን።

«እየወገሩ» ያልከው ደግሞ በሙጫ የሚድን አይደለም። ቲፑ አልቆ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ሳይወድቅ ቀይረው፤ ያለቀ ቆዳ ምቱን ሁሉ ወደ ሙጫው ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ። ከዱባይ ነኝ። ኪዌን ሁልጊዜ በመኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው የምተወው፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክለብ ስለምሄድ። ሐምሌ ላይ ከፍቼ ሳወጣው ቲፑ በጣቴ ስነካው ተንቀሳቀሰ። ሙቀት የሚችል ሙጫ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ቲፑ የተንቀሳቀሰው በማስቲሽ ዓይነት ማጣበቂያ ተለጥፎ ስለሆነ ነው፤ በሙቀት ይለሰልሳል። ሱፐር ግሉ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይታገሣል፣ ስለዚህ በእሱ ቢለጠፍ ቲፑ ይቆይልህ ነበር። ሆኖም ይህን ስነግርህ እፈራለሁ፤ ሙጫ ካገኘህ ኪውን እዚያው ልትተወው ነው። በዱባይ ሐምሌ የተዘጋ መኪና ውስጥ እንጨት ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ ከናሱ ጋር ያለውም መጋጠሚያ ይላላል። ጠዋት ከመኪና ስትወርድ ይዘኸው ግባ። ቢሮ ውስጥ ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፤ ከነማኅደሩ ጠረጴዛህ ሥር አስተኛው፣ ከአየር ማቀዝቀዣው አፍ ራቅ አድርገህ።